አይዝግም ማለት አይበክልም ማለት አይደለም

«ስቴንለስ ስቲል ለአካባቢ ተስማሚ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ከመደጋገሙ ብዛት እንደ ተረጋገጠ እውነት ተይዟል። የሻጮቹ ማስረጃ አይዝግም፣ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል፣ ሲያረጅም ቀልጦ ጥራቱን ሳያጣ እንደገና ይሠራል የሚል ነው። ይህ ሁሉ በአብዛኛው ትክክል ነው። ነገር ግን የሚነግረን ብረቱ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ስላለው ዕድሜ ብቻ ነው፤ ሲሠራ ስላደረሰው ጉዳት ምንም አይልም።

በብዛት የሚመረተው ዓይነት 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው። ከዓለም ኒኬል አብዛኛው የሚውለው ለዚሁ ብረት ሲሆን፣ ዛሬ ከኒኬሉ ከግማሽ በላዩ የሚወጣው ከኢንዶኔዥያ ነው። አገሪቱ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥሬ ማዕድኑ ወደ ውጭ እንዳይላክ አግዳ ማቅለጫዎቹን በገዛ ምድሯ አስፋፋች። ከሀብቷ የተሻለ ለመጠቀም መፈለጓ አያስወቅሳትም። የሚያስወቅሰው በሱላዌሲ ደሴት እንዳለው ሞሮዋሊ ያሉ የኢንዱስትሪ ማዕከላት ለማቅለጫዎቹ ብቻ በተተከሉ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫዎች መሥራታቸው ነው። ማዕድኑ ከመሬት ገጽ ብዙ ስለማይርቅ፣ እሱን ለማውጣት ደኑ ይመነጠራል፤ የተገለጠው ቀይ አፈርም በዝናብ ታጥቦ ወንዙንና ዓሣ የሚጠመድበትን ባሕር ያደፈርሳል።

«እንደገና ይሠራል» የሚለውም መከራከሪያ ሲመረመር ይሳሳል። ለሠላሳ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ቁርጥራጭ ሆኖ ወደ ምድጃ የሚመለሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ዓለም ያመረተው ስቴንለስ ስቲል ከ20 ሚሊዮን ቶን በታች ነበር፤ በ2023 ግን ወደ 58 ሚሊዮን ቶን ደርሷል። የትናንቱ ጥቂት ምርት የዛሬውን ፍላጎት ሊሸፍን ስለማይችል፣ ጉድለቱ የሚሞላው ከማዕድን ማውጫ ነው። እንደገና መሠራት መቻል አንድ ነገር ነው፤ እንደገና መሠራት ሌላ።

ብረቱን እንተወው እያልኩ አይደለም። በፊንላንድ ቶርኒዮ የሚገኘው ፋብሪካ በአብዛኛው ቁርጥራጭ ብረት እያቀለጠ ይሠራል። በዚህ መንገድ የተሠራውና በድንጋይ ከሰል ከቀለጠ ኒኬል የተሠራው ብረት የሚያስከትሉት የካርቦን ልቀት በብዙ እጥፍ ይለያያል፤ ገበያ ላይ ግን በዓይን አይለዩም፤ ሁለቱም በአንድ ምስጋና ይሸጣሉ።

ስለዚህ ምስጋናው ለብረቱ በጅምላ መሰጠቱ ይቁም። አምራቹ ኒኬሉ ከየት እንደመጣ፣ ምድጃው በምን ኃይል እንደነደደ፣ ከምርቱ ስንት እጁ ቁርጥራጭ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ለሕንፃ፣ ለሆስፒታልና ለፋብሪካ በቶን የሚገዙ ተቋማትም ይህን ሳያዩ ውል አይፈርሙ። መልሱን የሚደብቅ አምራች በተፈጥሮ ጥበቃ ስም ሊነግድ አይገባውም።