«ኢዝ ኢት ክሊር?» ምንም የማይለካ ጥያቄ

ክፍለ ጊዜው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት በየመማሪያ ክፍሉ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ኢዝ ኢት ክሊር?»። መልሱም ሳይዘገይ በኅብረት ይመጣል፤ «የስ ቲቸር!»። መምህሩ የጠመኔውን ብናኝ ከእጃቸው አራግፈው ይወጣሉ፤ ተማሪውም ደብተሩን ይከድናል። ለመሆኑ ከዚህ ምልልስ መምህሩ ስለ ተማሪዎቻቸው ምን አዲስ ነገር ዐወቁ? በእኔ እምነት ምንም። በበረዶም ሆነ በፈላ ውኃ ውስጥ ሲነከር ዘወትር 20 ዲግሪ የሚያሳይ ቴርሞሜትር በቤተ ሙከራችን ቢገኝ ተበላሽቷል ብለን እናስወግደዋለን። የገባውም ያልገባውም እኩል «የስ» የሚልበት ጥያቄም ከዚህ ቴርሞሜትር አይለይም።

እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ በማስተማሪያ ቋንቋነት እንዲያገለግል አድርጓል። በዚህ መንገድ ያለፈ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ከቋንቋው ጋር ከአሥር ዓመት በላይ ኖሯል። ይሁን እንጂ በቃሉ የያዛቸው የክፍል ውስጥ ሐረጎች የትኞቹ እንደሆኑ ልብ ብለን እንመልከት፤ «ሜይ አይ ካም ኢን?»፣ «ሜይ አይ ጎ አውት?»፣ «ታንክ ዩ ቲቸር»። ለመግባት፣ ለመውጣትና ለማመስገን የሚያገለግሉ መልካም የጨዋነት ሐረጎች ናቸው። ለመጠራጠር፣ ለመከራከርና ማስረጃ ለመጠየቅ የሚረዱት ግን ከመካከላቸው አይገኙም። ሳይንስ ደግሞ የሚቆመው በእነዚህ ነው።

አንድ ገጠመኝ ላንሣ። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በፊዚክስ «ዎርክ» ስለሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ሳስተምር፣ ጆንያ ተሸክሞ በደልዳላ መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት የሚራመድ ሰው ጆንያውን ወደ ላይ ደግፎ በያዘበት ኃይል የሚሠራው «ዎርክ» ዜሮ መሆኑን አስረዳሁ፤ ኃይሉ ወደ ላይ፣ ጉዞው ግን ወደ ጎን ነውና። «ኢዝ ኢት ክሊር?» አልኩ። «የስ!» አሉ። ከክፍል ስወጣ አንድ ተማሪ ተከትሎኝ መጣና በአማርኛ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፤ «መምህር፣ ተሸካሚው ሥራ ካልሠራ ታዲያ ለምን ይደክመዋል?»።

በዚያ ቀን በክፍሉ ውስጥ ሊነሣ ይገባ የነበረው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር። «ለምን እዚያው አላነሣኸውም?» ብለው፣ «በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምጀምረው ጠፋኝ፤ ደግሞም ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ» አለኝ። «ዜን ዋይ ዳዝ ሂ ጌት ታየርድ?» ለማለት ስድስት ቃላት ብቻ ይበቁት ነበር፤ ስድስቱንም ያውቃቸዋል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጥያቄውን ለሁሉም ሳቀርበው «የስ» ካሉት መካከል መልሱን የተናገረ አልተገኘም። የጡንቻ ክሮች ሸክሙን ደግፈው ለማቆየት ያለማቋረጥ እየተኮማተሩና እየላሉ ከምግብ የተገኘውን ኬሚካላዊ ጉልበት ይፈጃሉ፤ ይህም በአብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሚደክመውም በዚህ ምክንያት ነው። ተማሪዎቹ ቀመሩን ያውቁት ነበር፤ ከተሸካሚው ድካም ጋር ግን አላገናኙትም። ጥፋቱም ከእነርሱ ይልቅ የእኔ ነበር፤ የጠየቅኋቸው ጥያቄ «የስ» ከማለት በቀር ሌላ በር አልከፈተላቸውምና።

ችግሩ የቃላት ብቻ ሳይሆን የጊዜም ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ ከአንድ ሰከንድ ለማይበልጥ ጊዜ መሆኑን አሳይተዋል። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፍ ሲል የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ የሚያነሡት ጥያቄም በዛ። ይህ የታየው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በሚማሩ ሕፃናት ጭምር ነው። ሐሳቡን በአንድ ቋንቋ አስቦ በሌላ የሚናገረው የእኛ ተማሪማ ምን ያህል ጊዜ ያስፈልገው ይሆን? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሠራጨውን የፕላዝማ ትምህርት የተከታተሉ ያስታውሱታል፤ በመስኮቱ የሚታዩት መምህር ጥያቄ አቅርበው፣ ጥቂት ጠብቀው፣ ራሳቸው መልሰው ያልፉ ነበር።

«ታዲያ ሳይንስን በራሳችን ቋንቋ ለምን አንማርም?» የሚሉ አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የቋንቋ ፖሊሲ እስኪለወጥ ድረስ የዛሬው ተማሪ ዝም ብሎ መቀመጥ የለበትም። በየዩኒቨርሲቲው ክፍል ውስጥም አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና ሌሎች ቋንቋዎች የሚናገሩ ወጣቶች አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ፤ መምህሩ ወደ አንዱ ቋንቋ ባዘነበሉ ቁጥር ሌላው ከውይይቱ ይወጣል።

ስለዚህ መምህራን «ኢዝ ኢት ክሊር?»ን ትተን «ዋት ዱ ዩ ቲንክ ዊል ሃፕን?» እንበል፤ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ከዚያም በልባችን እስከ አምስት እንቁጠር። ተማሪው በሚችለው ቋንቋ ጀምሮ ጥያቄውን ከጓደኞቹ ጋር በእንግሊዝኛ እንዲያዋቅር እንፍቀድለት። በሰዋስው ስሕተት የሚስቅ ሲኖርም ዝም ብለን አንለፈው።

እናንተም ውድ ተማሪዎች፣ አራት ሐረጎችን በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። «ኩድ ዩ ሪፒት ዛት፣ ፕሊስ?»፦ እባክዎ ይድገሙልኝ። «ሃው ዱ ዊ ኖው?»፦ በምን ዐወቅን? «ዋት ሃፕንስ ኢፍ…?»፦ እንዲህ ቢሆንስ? «አይ ዶንት አግሪ፣ ቢኮዝ…»፦ አልስማማም፣ ምክንያቱም። የመጀመሪያው ያመለጣችሁን ይመልስላችኋል፤ ሁለተኛው ማስረጃ ይጠይቃል፤ ሦስተኛው የሙከራ መነሻ ነው፤ አራተኛው ደግሞ ምክንያታችሁን እንድትናገሩ ያስገድዳችኋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አለማወቁን በ«የስ» የሸፈነም እንዲሁ። ነገ «ኢዝ ኢት ክሊር?» ስትባሉና ሳይገባችሁ ሲቀር፣ ቢያንስ አንዳችሁ «ኖ፣ ቲቸር» በሉ። ትምህርቱ በእውነት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።