የመጨረሻዋ ፊደል

«መጣ» ከሚለው ቃል መጨረሻ አንዲት «ች» ብትጨመር የመጣው ሰው ሌላ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቁጥር መጨረሻ የምትገኘውን ፊደል ግን እኛው የኢንጂኒየሪንግ ተማሪዎች እንደ ጌጥ ቆጥረን ከመጠየቂያው ቅጽ ላይ እንተዋታለን፤ ኋላም የማይሆን ዕቃ ሲመጣ ግዥ ክፍሉን እናማለን።

በአቀስታና በአካባቢዋ ደጋ ውርጭ ለገብስና ለባቄላ ጠላት ነው። የሌሊቱን ብርድ ለክቶ ገበሬውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ መሥራት ለመመረቂያ የሚበቃ አሳብ ነው። ለዚሁ «ኤል ኤም 35» የተባለው የሙቀት መለኪያ ታዘዘ እንበል። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ዲ» ያለበት ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ድረስ ብቻ እንዲሠራ የተመደበ ነው፤ «ሲ» ያለበት ግን ከዜሮ በታች 40 ድረስ ይወርዳል። እንግዲህ ዲው፣ ውርጩ በሚበረታበት ሰዓት፣ ቃሉን አልሰጠንም ማለት ነው። ቅጹ ላይ «ኤል ኤም 35» ብቻ ተጽፎ ነጋዴው ርካሹን ዲ ቢልክ ምን አጠፋ?

የ«ኤትሜጋ 328ፒ»ም ነገር እንደዚሁ ነው። በ«ፒ ዩ» የሚጨርሰው 28 እግር ኖሮት ብሬድቦርድ ላይ ይሰካል። በ«ኤ ዩ» የሚጨርሰው 32 እግር አለው፤ በእግሮቹ መካከል ያለው ርቀት 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በላዩ ላይ ካልተበየደ አይሆንም። ውስጡ አንድ ነው፤ ለእኛ ግን አንዱ ዕቃ ሲሆን ሌላው ጠጠር ነው። ለመለወጥ ደግሞ እስከ ደሴ፣ ካልተገኘም ከዚያ 401 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ ነው።

በርግጥ ቅጥያ ሁሉ አያስፈራም፤ በጥቅል መሸጡን ወይም እርሳስ የሌለበት መሆኑን ብቻ የሚናገር አለ። ችግሩ ፊደሉ እንደ ፋብሪካው መለዋወጡ ነው። ለ«ኤል ኤም 358» ባለ ሁለት ረድፍ እግሩን ቅርጽ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ «ፒ» ሲለው ኤስቲ «ኤን» ይለዋል። ስለዚህ በቃል ማጥናት አይጠቅምም፤ የፋብሪካውን መግለጫ ከፍቶ የማዘዣውን ሠንጠረዥ ማየት ግድ ነው።

መምህራኖቻችን የትራንዚስተርን ጠባይ በሰሌዳ ሙሉ ቀመር ያስተምሩናል፤ እናመሰግናለን። ከላቦራቶሪው ጊዜ አንዲት ሰዓት ለዚህ ሠንጠረዥ ቢሰጡ፣ በመጠየቂያው ቅጽም ላይ «ሙሉ ቁጥር ከነቅጥያው» የሚል ዓምድ ቢጨመር፣ ያልሞላውም ተማሪ ቅጹ ሳይፈረምለት ቢመለስ ደግ ነው እላለሁ።