ጠመንጃውን ብቻ አይደለም፤ ወንበሩንም!

ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲሄዱ ግራ ቀኙ እርሻ ነው። ጽድና ወይራ ተሰብስቦ የሚታየው በደብር ዙሪያ ነው። ማን ጠበቀው? ካህኑ በግዝት፣ ሽማግሌው በምክር፣ እረኛው በዓይኑ። ይህን እያየን ያደግን የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ልጆች፣ እዚህ ግቢ ገብተን «ገበሬ የዱር ጠላት ነው» ሲባል ዝም ብለን አንሰማም።

«ፓርክ ከሰው ካልጸዳ አይጠበቅም» ይሉናል። ኧረ ተዉ! የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1970ዎቹ ገበሬው በግድ ከቀዬው ተነቀለ። ምን ተገኘ? በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ የፓርኩ ካምፖች በጦርነት ወድመው ነበር። በ1989 ቅርሱ በአደጋ መዝገብ ገባ፤ እስከ 2009ም አልወጣም። በጉልበት የተጠበቀ፣ ጉልበቱ ሲደክም ያልቃል። በ2011 እሳት ሲነሣስ ማን ደረሰ? ሄሊኮፕተሩ ከውጭ እስኪመጣ ድረስ ከእሳቱ ጋር የተናነቀው ያው «ጠላት» የተባለው ሕዝብ ነው።

ስለዚህ የስካውት ሥራ ለአካባቢው ልጅ ይሰጥ ስንል ምጽዋት እየለመንን አይደለም። ዱካውን፣ ጭጋጉን፣ የዋልያውን መውረጃ የሚያውቅ እሱ ነው። ደመወዙ እህል ባለቀበት ክረምት ለቤቱ ቀለብ፣ ለልጁ ደብተር ነው። ከዱር የሚገኝ እንጀራ ያለው ሰው ገደሉን ለማረስ አይቸኩልም።

«ለዘመዱ ያደላል» የሚል አለ። ያደላ ይሆናል። ግን ከሩቅ የመጣ ዘበኛ ቢያጠፋ ተዛውሮ ይሄዳል፤ የመንደሩ ልጅ ግን እሑድ ሰንበቴ ላይ ከጎረቤቱ ፊት ይቀመጣል። ከዚህ የበለጠ ተቆጣጣሪ የት አለ?

ነገር ግን እንጠንቀቅ! ጠመንጃ አሸክሞ ውሳኔ መንፈግ፣ ወንድምን በወንድም ማስጠበቅ ብቻ ነው። በ2008 ከአራት መቶ በላይ የግጭ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ ካሣ ተከፈለ፤ የተራራውን ሣር የሚያውቀው ሰው ግን ከሣሩ ተለየ። በ2012 ወረርሽኙ፣ በ2013 ጦርነቱ ጎብኚውን ሲያስቀሩ በጎብኚ ተራ የሚያድረው ስካውት ባዶ እጁን ቤቱ ገባ። ይህ እኮ የጋራ አስተዳደር አይደለም፤ የቀን ሥራ ነው።

የጋራ አስተዳደር በአውስትራሊያ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 የኡሉሩ መሬት ለነባሮቹ ለአናንጉ ሕዝቦች ተመለሰ። እነሱም ለ99 ዓመት ለፓርኩ አከራዩት፤ በቦርዱም ላይ አብዛኛው ወንበር የነሱ ነው። ሩቅ ነው ከተባለ መንዝ ቅርብ ነው። በጓሣ የቄሮ ሥርዓት የሚባለው ሕዝቡ በመረጠው አለቃ ሣሩን ለዓመታት ይዘጋ፣ ሲደርስ በቀን ቆርጦ ይከፍት ነበር። ለዘመናት የሠራው ይህ ሕግ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጋር ፈረሰ። ያፈረሰው ገበሬው አልነበረም!

እንግዲህ የምንለው ግልጽ ነው። ስካውቱ ጎብኚ መጣም ቀረም የማይቋረጥ ደመወዝ ይኑረው። ሴቶችም ይቀጠሩ። የፓርኩ ወሰን፣ የግጦሹ ቀን፣ የገቢው ክፍያ ሲወሰን ሕዝቡ በመረጣቸው ሰዎች ድምፅ ይሁን። ነገ በየቢሮው የምንቀመጠው እኛ ነን፤ ዛሬ ካልተማርነው ነገ ያንኑ ስሕተት በማኅተም እናጸናዋለን።

መሬቱን የሚያውቅ ይጠብቀው፤ የሚጠብቀውም ይወስንበት!