ቀርከሃው ከቡሌ፣ ዓሣው ከአባያ፣ መጽሐፉስ?

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አሠራርን ከመጽሐፍ መማር ይቻላል። ለዚህ ኤቨረት ጋሪሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጋሪሰንን ወደ ቀርከሃ ዘንግ ሥራ ያስገባው ጆርጅ ፓርከር ሆልደን የሚባል ሐኪም ነበር፤ ሆልደን እ.ኤ.አ. በ1920 ስለዚሁ ሙያ መጽሐፍ አሳትሟል። ጋሪሰንም በተራው ዕድሜውን ሙሉ ያካበተውን ሙያ ሆጊ ካርማይክል ለተባለ ሰው አሳየ። ካርማይክል ሽማግሌውን በፊልም ቀረጸው፣ የሚያደርገውን ሁሉ ደረጃ በደረጃ ጻፈው። መጽሐፉ በ1977 ታትሞ ሲወጣ ጋሪሰን ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

መጽሐፉ የወጣበት ጊዜ ሊታሰብበት ይገባል። በ1950 አሜሪካ ከቻይና ጋር ንግድ ስታቋርጥ፣ ከጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ይመጣ የነበረው ለዘንግ ተመራጭ የሆነው ቀርከሃ ገበያ ላይ ጠፋ። ቦታውን ፋይበር ግላስ ያዘ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የካርቦን ዘንግ መጣ። የቀርከሃ ዘንግ ሠሪዎች አብዛኞቹ ሱቃቸውን ዘግተው፣ የቀሩትም አርጅተው ነበር። ሙያው ሊቀበር ሲል ግን የጋሪሰን መጽሐፍ ደረሰ። ዘንግ ሠሪ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች መጽሐፉን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ቀርከሃ መሰንጠቅ ጀመሩ። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ በእጅ የሚሠራ የቀርከሃ ዘንግ መኖሩ በአብዛኛው የዚያ መጽሐፍ ውለታ ነው።

ይህን ያህል የሠራው ለምንድን ነው? ቁጥር ስለጻፈ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ቀርከሃው በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ አንጓው በእሳት ሙቀት ለስልሶ ይቃናል። ከዚያ እያንዳንዱ ስንጣቂ ቦይ ባለው የብረት መያዣ ላይ ይጋደምና ማዕዘኑ 60 ዲግሪ እስኪሆን በመላጊያ ይላጋል። የሚላገው በሁለቱ የውስጥ ጎኖች በኩል ብቻ ነው። የውጩ ገጽ አይነካም፤ የቀርከሃ ጥንካሬ ያለው ከቅርፊቱ ሥር ጥቅጥቅ ብሎ በተደረደረው ቃጫ ውስጥ ነውና። ስድስቱ ስንጣቂዎች በኮላ ሲጣበቁ ባለ ስድስት ጎን ዘንግ ይወጣል። አንጓ ደካማ ቦታ ስለሆነ የአንዱ አንጓ ከጎረቤቱ አንጓ ጋር እንዳይገጥም ይደረጋል። ጫፉ ከሁለት ሚሊሜትር የቀጠነ ሊሆን ይችላል፤ ወደ እጀታው እየወፈረ ይሄዳል። ዘንጉ ከየት ጀምሮ እንደሚጎብጥ፣ ክሩን ምን ያህል ርቀት እንደሚወረውር የሚወስነው ይህ አወፋፈር ነው። ጋሪሰን እንደ መሐንዲስነቱ ጉብጠቱን አስልቶ፣ በየአምስት ኢንቹ ሊኖር የሚገባውን ውፍረት እስከ ኢንች አንድ ሺህኛ ድረስ ወሰነ። ያንን ሠንጠረዥ ያገኘ ሰው የራሱን ዘንግ በመለኪያ እያጣራ ስህተቱን ብቻውን ማግኘት ይችላል። መምህሩ በሌለበት የሚያርም መምህር ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ ሌላ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ የገነነው የሃይራም ሌናርድ ፋብሪካ ስንጣቂ የሚቆርጥበትን ማሽን በተቆለፈ ክፍል ያኖር እንደነበር ይነገራል። ባለሙያ እንጀራውን ቢደብቅ አይፈረድበትም። ሆኖም ምስጢር ከባለቤቱ ጋር ይሞታል። ቢጻፍ ኖሮ ዕድሜው ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ደግሞ በ1496 በእንግሊዝ የታተመው የዓሣ ማጥመድ ድርሳን ያሳያል። ድርሳኑ ለዘንግ የሚሆነው እንጨት በብርዱ ወራት እንዲቆረጥ፣ በምድጃ ሙቀት እንዲቃና፣ ከዚያም ለሳምንታት እንዲደርቅ ያዛል። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ምክሩ የሚናቅ አይደለም።

እንግዲህ ወደ አገራችን፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ወዳለው ጌዴኦ እንምጣ። ከዲላ በስተምዕራብ ቆላውን ወርደው የሚያገኙት አባያ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,170 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዲላ ራሷ ወደ 1,570 ሜትር ላይ፣ በቡናና በእንሰት መካከል ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ ቡሌ ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የደጋ ቀርከሃም ይመጣል። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ቀርከሃም፣ ቆሮሶና አምባዛም፣ ዩኒቨርሲቲም የሚገኝበት ቦታ ብዙ አይደለም። ኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር የማያንስ ቀርከሃ እንዳላት ሲነገር ኖሯል፤ በአፍሪካም ቀዳሚ ናት። ሁለት አገር በቀል ዓይነት አላት፤ ውስጡ ክፍት የሆነው የደጋው፣ እንዲሁም እንደ ቤኒሻንጉል ባሉ አካባቢዎች የሚበቅለው ውስጡ ድፍን የሆነው የቆላው። ለዘንግ ሠሪ ይህ ልዩነት ትልቅ ጉዳይ ነው፦ ክፍቱ ተሰንጥቆ ይጣበቃል፣ ድፍኑ ሳይሰነጠቅ ሊሞከር ይችላል።

በደጋው ቤት የሚሠሩ፣ አጥር የሚያጥሩ፣ ቅርጫት የሚጎነጉኑ ሰዎች ቀርከሃን በእጃቸው ያውቁታል። ያልጎለመሰ ቀርከሃ ውኃ እንደሚበዛበት፣ ሲደርቅ እንደሚጨማደድ፣ በወቅቱ ያልተቆረጠው በነቀዝ እንደሚበላ ለማወቅ ቤተ ሙከራ አላስፈለጋቸውም። ይህ ዕውቀት በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ በማየት የሚተላለፍ ነው። ልጁ ዲላ ወይም ሐዋሳ ገብቶ ባጃጅ ሲይዝ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

የጌዴኦ ዕውቀት ወደ መጽሐፍ መግባት እንደሚችል ግን አስቀድሞ ታይቷል። ታደሰ ኪጴ የጌዴኦን የመሬት አጠቃቀም፣ የእንሰት፣ የቡናና የዛፍ ቅንጅት በዝርዝር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በ2023 ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በቃል የኖረ የገበሬ ጥበብ ዓለም ፊት መቆም ከቻለ፣ የቀርከሃ ሠሪው ጥበብ የማይቆምበት ምክንያት የለም።

«ሙያ በእጅ እንጂ በወረቀት አይገባም» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነትም አለው። አንጓው ለስልሶ ሊቃና የደረሰበትን ቅጽበት ምንም ዓይነት ዐረፍተ ነገር አያስጨብጥም። ካርማይክል ከመጽሐፉ በተጨማሪ ካሜራ ያነሳውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። መጽሐፉ እጅን ይተካል ብሎ የሚከራከር የለም። መጽሐፉ የሚሠራው እጁ ሲሳሳት የት እንደተሳሳተ ማሳየት፣ ደግሞም የአንድን ሰው ሠላሳ ዓመት ለሌላው በአንድ ክረምት ማቀበል ነው።

ሌላው ተቃውሞ ገበያ ነው፤ ይህኛው ይከብዳል። የአባያ ዓሣ አስጋሪ ኑሮው በመረብ ነው፤ በዘንግ ቤተሰብ አይመግብም፤ ይመግባል ማለትም ሰውን ማታለል ነው። ዘንግ የሚፈልገው ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው ነው። እሱም ቢሆን አለ። በባሌ ተራሮች በዌብና በዳንካ ወንዞች በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣ ትራውት ይገኛል፤ የቀርከሃ ዘንግ ከጥንት ጀምሮ ስሙ የተያያዘው ከዚህ ዓሣ ጋር ነው። ዘንግ ዓሣውን አንድ በአንድ ስለሚያወጣ ትንሹን መመለስ ያስችላል። ከመጠን ያለፈ ማስገርን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 315/1995 ላወጣች አገር ይህ ቁም ነገር ነው። ትልቁ ጥቅም ግን ከዘንጉ ያልፋል። ቀርከሃን ለዘንግ በሚያበቃ ልክ መርጦ፣ አድርቆ፣ ልጎ፣ አጣብቆ ያወቀ ወጣት ወንበሩንም፣ የመብራት መስቀያውንም፣ የጠረጴዛውን ገጽም ይሠራል። ዘንግ የሚመረጠው ስህተትን ስለማይሸሽግ ነው፤ የግማሽ ሚሊሜትር ጉድለት ሲጎብጥ ይታያል።

እና ሥራውን ማን ይጀምር? ዲላ ዩኒቨርሲቲ ለቡሌ ከማንም ይቀርባል። የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት አይደለም። አንድ የደጋ ቀርከሃ ሠሪ፣ አንድ መለኪያ የያዘ ተማሪ፣ ካሜራ፣ በጌዴኡፋና በአማርኛ ጎን ለጎን የሚታተም ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ቀርከሃ ዕድሜው፣ የተቆረጠበት ወር፣ የግድግዳው ውፍረት፣ ሲደርቅ የቀነሰው፣ ክብደት ሲንጠለጠልበት የጎበጠው ይመዝገብ። የተሰበረውም፣ ነቀዝ የበላውም ከነምክንያቱ ይግባ። የጋሪሰን መጽሐፍ ሽፋን ላይ የጸሐፊው ስም ብቻውን አልታተመም፤ የባለሙያው ስም ቀድሞ ነው የተቀመጠው። የቡሌው ደብተርም ሲታተም የቀርከሃ ሠሪው ስም ከተመራማሪው ስም በላይ ይጻፍ፣ ከሽያጩም ድርሻው ይከፈለው።