የእሽቅድምድሙ ጨዋታ ለጀማሪ ይሆናል?

ልጆች የሚወዱት የመኪና እሽቅድምድም ቪዲዮ ጌም አልፎ አልፎ ብቻ ለሚጫወት ሰው ይስማማል ወይ? ከሥራ ደክማ የገባች እናትስ ልትሞክረው ትችላለች? ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን «ፎርዛ ሆራይዘን 5» እንመልከት።

ውድድሩ የሚካሄደው በሜክሲኮ መንገዶች ላይ ነው። መኪናው እንደ እውነተኛው ክብደት አለው፤ በጭቃ ይንሸራተታል፤ ኩርባውን በፍጥነት ከገባ ከመንገድ ይወጣል። ይሁን እንጂ ለጀማሪ የሚሆን ልዩ ልዩ እገዛ ተዘጋጅቶለታል። መንገዱ ላይ የሚታየው መስመር ሲቀላ ፍሬን የሚያዝበትን ቦታ ያመለክታል፤ ማርሹ በራሱ ይቀየራል፤ የተፎካካሪዎቹም ብርታት ሊቀነስ ይችላል። ብቻችሁን ስትጫወቱ ብትሳሳቱ አንዲት ቁልፍ ተጭናችሁ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ። እንግዲህ እገዛውን ሁሉ ይዞ መጀመር፣ እጅ ሲለምድም አንድ በአንድ መተው ነው። በአንድ ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ስለማይሽቀዳደምበት እናትና ልጅ ተራ መያዝ አለባቸው።

በ2022 የወጣው «ግራን ቱሪስሞ 7» ደግሞ እገዛ ቢኖረውም ወደ ኋላ መመለሻ የለውም፤ የመንጃ ፈቃድ ፈተናዎችም አሉት። ስለዚህ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል።

እናቶች ሆይ፤ አንድ ነገር ግን ሳናሳስብ አናልፍም። ጨዋታው የመንዳት ትምህርት አይደለም። በጨዋታ የተጋጨ መኪና በቁልፍ ይመለሳል፤ በአስፋልት ላይ የተገጨ ሰው ግን አይመለስም። ይህን ለልጃችሁ ለመንገር ከጎኑ ተቀምጣችሁ ተራችሁን ከምትጠብቁበት ሰዓት የተሻለ ጊዜ አይገኝም።