የክረምት ሩጫ በመካነ ሰላም
በመካነ ሰላም ዙሪያ የክረምት ቅዳሜና እሁድ ሩጫ የሚጀመረው ጫማ በማውለቅ ነው። ከገጠር ወደ ከተማ የሚመጣ ልጅ ኮንጎውን በእጁ አንጠልጥሎ ዳገቱን በባዶ እግሩ ይሮጣል፤ ወንዝ ሲደርስ እግሩን ታጥቦ ይጫማል። ደጋው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ስለሚበልጥ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ልጁ ግን ሳያለከልክ ይደርሳል፤ ይህን ያህል የሚያምር ሩጫ በየትኛውም ስታዲየም ማየት ይከብዳል። ብስክሌት ግን በዚህ ወቅት አይሆንም። የሚያጣብቀው ጥቁር አፈር በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል፤ ብስክሌተኛውም ብስክሌቱን ተሸክሞ ይሻገራል። ይሁን እንጂ ብስክሌት ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም አሰልፋ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። የሩጫው ክብር ሲወራረስ የብስክሌቱ መዘንጋቱ ያሳዝናል። ወደ ወቅቱ ስንመለስ፣ በእንግሊዝ ገጠር ሐምሌ የብስክሌት ወር ነው፤ እዚህ ግን ወሩ ጥቅምት ነው፦ ዝናቡ አባርቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ሲጠነክር።