ሠላሳውን ስልሳ የሚሰማ ስልክ ለየጁቤ ገበያ ምን ይበጃል?

ሠላሳና ስልሳ ለጆሮ ይቀራረባሉ። በገንዘብ ሲተመኑ ግን አንዱ የሌላው እጥፍ ነው። እንበልና አንድ የየጁቤ እህል ነጋዴ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ላለ ደንበኛው ደውሎ "ሠላሳ ኩንታል ማኛ ጫንኩልህ" አለ። ሰሚው "ስልሳ" ብሎ ቢይዘው መኪናው በደረሰ ጊዜ ጠብ ይነሳል። ሰው ለሰው ሲነጋገር ግን ነገሩ እዚያ ድረስ አይሄድም። ሰሚው "ስንት አልክ?" ይላል። ተናጋሪው "ሠላሳ፤ ሦስት አሥር" ብሎ ያስረግጣል። ውሉ በዚሁ ይቋጫል።

በአሁኑ ወቅት በአማርኛ የተነገረውን ወደ ጽሑፍ፣ ጽሑፉንም ወደ ድምፅ እንለውጣለን የሚሉ ጀማሪ ኩባንያዎች ወደ ገበያው እየገቡ ነው። ባለሀብቱም ገንዘቡን እንዲያወጣ እየተጋበዘ ነው። በሆቴል አዳራሽ፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ በውድ ስልክ የሚቀርበው ማሳያ ያምራል፤ አንዱ ይናገራል፣ ስክሪኑ ይጽፋል፣ ታዳሚው ያጨበጭባል። ለመሆኑ በዚያ ስልክ ውስጥ "ስንት አልክ?" ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው? ጥያቄው የቴክኒክ ዝርዝር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ኩባንያው ይተርፍ ወይም ይክሰር እንደሆነ የሚወስነው ይኸው ነው። መልሱም ያለው የስልኩን መተግበሪያ በሚሠራው መሐንዲስ እጅ ነው።

የባሶ ገበያ በጆሮ ይሠራ ነበር

የጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ያለች የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። ወረዳው በስተደቡብ እስከ አባይ ይዘልቃል። የባሶ ስም ለነጋዴ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ በመላው ጎጃም ስመ ጥር ነበር። ከአባይ ማዶ ወርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል። የሰው ልጅም በባርነት ይሸጥበት ነበር። ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም የቆየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል።

ያ ሁሉ ንግድ ሲካሄድ የተጻፈ ደረሰኝ የሚይዝ ጥቂት ነበር። ከማዶ የሚመጣው ኦሮምኛ፣ ከወዲህ ያለው አማርኛ ይናገራል። ዋጋው በአፍ ይጠራል፣ በጆሮ ይያዛል፣ ምስክር ይቆምበታል። ዛሬም የእህል ዋጋ የሚቆረጠው በአብዛኛው በቃል ነው። የተለወጠው በሁለቱ መካከል ስልክ መግባቱ ነው።

ስለዚህ የድምፅ ቴክኖሎጂ ለዚህ ገበያ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ኢትዮጵያውያን መካከል ማንበብ የሚችሉት ከሴቶች 42፣ ከወንዶች 69 በመቶ ነበሩ። በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ አገልግሎት ገና ከበሩ ብዙ ደንበኛ ይመልሳል ማለት ነው።

ይህን ቀድሞ የተረዳው መንግሥት ነበር። በ2006 ዓ.ም. የያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የ8028 ነፃ የስልክ መስመርን ሲከፍት ገበሬው በራሱ ቋንቋ ምክር ይሰማ ጀመር። ደዋዮቹም በሚሊዮን ተቆጠሩ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ዋጋን በስልክ ድምፅ ማሰማት ጀምሮ ነበር። ሁለቱም ግን ይናገራሉ እንጂ አይሰሙም። ደዋዩ "ለጤፍ አንድን ይጫኑ" ሲባል ቁልፍ ይጫናል። ጀማሪዎቹ ኩባንያዎች እንሞላዋለን የሚሉት ይህንን ክፍተት ነው። ዓላማው መልካም ነው።

የማሽኑ ጆሮ የት ተማረ?

ማሽን የሚሰማው የሰማውን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዶክተር ሰሎሞን ተፈራ ከጀርመን አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ያቀረቡት የአማርኛ ድምፅ ክምችት 20 ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ አንባቢዎች የተጻፈ ዓረፍተ ነገር እያነበቡ የተቀዳ ነበር። ለብዙ ተመራማሪዎችም መነሻ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፍ ከሚቻልባቸው ቋንቋዎች ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኦፕን ኤአይ ያወጣው ዊስፐር የተባለው ፕሮግራም በ680,000 ሰዓት ድምፅ ሠልጥኗል ተባለ። ይሁንና አማርኛ በዚያ ውስጥ የነበረው ድርሻ እጅግ ኢምንት ነበር። ባለቤቶቹ ራሳቸው ባወጡት የፈተና ሠንጠረዥ ላይም ለአማርኛ የተቆጠረው ስሕተት ከተነገሩት ቃላት ብዛት በልጦ ታይቷል። ማሽኑ ያልተባለውን ጭምር እየጨመረ ይጽፍ ነበር ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ሜታ ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን የሚሰማ ሥራ አወጣ። እሱም በአመዛኙ የሠለጠነው የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ እየሰማ ነው።

ከዚያ ወዲህ መሻሻል መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ጋዜጣ የሚያነብ ሰውና ቅዱስ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው በየጁቤ ገበያ አህያ እየጮኸ፣ ወፍጮ እየጓራ፣ ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ እያወራ ዋጋ ከሚቆርጥ ነጋዴ ጋር አንድ አይደሉም። የጎጃም አነጋገርም የራሱ ለዛና ዜማ አለው። በዚህ ላይ የገበያው ቋንቋ አለ። ነጋዴ "አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር" አይልም፤ ሺውን ውጦ "አሥራ ሁለት ከአምስት መቶ" ይላል። ሰው ይገባዋል፤ ያልተማረ ማሽን ግን "12" እና "500" ብሎ ሁለት ዋጋ ይጽፋል። ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ የሚባለውን ጤፍ መለየት፣ ሰባን ከሰባት አለመቀላቀል፣ ኩንታልን ከፈረሱላ ማወቅ አለበት። እነዚህ ሁሉ በአዳራሹ ማሳያ ላይ አይፈተኑም።

መሐንዲሱ ምን ይሠራል?

ብዙ ባለሀብት ገንዘቡን የሚያፈሰው "ሞዴል" በሚባለው፣ ድምፅን ወደ ቃል በሚለውጠው ሞተር ላይ ነው። ሞተሩ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሞተር ብቻውን ጭነት አያደርስም። ሞተሩንና የነጋዴውን እጅ የሚያገናኘው የመተግበሪያው መሐንዲስ ነው። ሥራውም በብር ሊተመን የሚችል ነው።

አንደኛ፣ መልሶ ማሰማት። ጥሩ መሐንዲስ ማሽኑ የሰማውን ቁጥር ለተናጋሪው መልሶ ያሰማዋል፤ "ሠላሳ፣ ሦስት አሥር ኩንታል፤ ልክ ነው?" ብሎ ያስጠይቃል። ከዚያም ያለፈ እንደሆነ ቁጥሩን በጣት ያስነካል። ስምና ዓይነት በአፍ፣ ብዛትና ብር በጣት ቢገባ ምን ነውር አለው? የድምፅ ኩባንያ ሆኖ ድምፅ የማይበጅበትን ቦታ ማወቅ የመሐንዲሱ ብስለት ምልክት ነው።

ሁለተኛ፣ የስልኩ አቅም። የገበያው ስልክ በአብዛኛው ቴክኖና አይቴል ነው፤ ማኅደሩ የጠበበ፣ ባትሪው የደከመ። በተለመደው ጥራት የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ሳይታመቅ ወደ ሁለት ሜጋባይት ይጠጋል። በአግባቡ ከታመቀ ግን ወደ 120 ኪሎባይት ይወርዳል። ልዩነቱ 16 እጥፍ ነው። ይህን የሚከፍለው የካርድ ሞይው ነጋዴ ነው። ካርዱ ቶሎ ያለቀበት ነጋዴ መተግበሪያውን በሁለተኛው ቀን ያጠፋዋል።

ሦስተኛ፣ መስመር ሲጠፋ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የአካባቢው ነጋዴ አይረሳውም። ሁሉን ነገር ውጭ አገር ወዳለ ኮምፒውተር ልኮ መልስ የሚጠብቅ መተግበሪያ በዚያ ጊዜ የሞተ ዕቃ ነው። ቁጥርን፣ የእህል ስምንና ጥቂት ትእዛዞችን በስልኩ ውስጥ እንዳለ የሚሰማ፣ የቀረውን መስመር እስኪመጣ አቆይቶ የሚልክ መተግበሪያ ግን ሥራውን ይቀጥላል።

አራተኛ፣ የውጭ ምንዛሪ። ብዙው ጀማሪ ኩባንያ የማሽኑን ጆሮ ከውጭ በደቂቃ ይከራያል፤ ሒሳቡም በዶላር ነው። ለአብነት ያህል ኪራዩ ለደቂቃ ሁለት የአሜሪካ ሳንቲም ቢሆን፣ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 1 ብር ከ14 ሳንቲም ይሆን ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ ያቺው ደቂቃ ከ2 ብር ከ28 ሳንቲም በላይ ትጠይቃለች። ደንበኛው የሚከፍለው በብር ነው። እንግዲህ ግማሹን ሥራ ወደ ስልኩ ውስጥ የሚያመጣ መሐንዲስ በየደቂቃው ዶላር ያድናል ማለት ነው። የኩባንያው ትርፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ መሐንዲሱ በብዙ ቦታ እንዴት ይያዛል? ብዙ ጊዜ እሱ ብቻውን መተግበሪያውን ይሠራል፣ ስሕተቱን ያርማል፣ የደንበኛውን ስሞታ ይሰማል። ደመወዝ ይቆረጥለታል እንጂ ድርሻ አይሰጠውም። ገበያ ወርዶ እንዲሰማ አበልም ሆነ ቀን አይፈቀድለትም። ዓመት ሠርቶ የገበያውን ቋንቋ ሲለምድ በዶላር የሚከፍል የውጭ ድርጅት ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲሠራለት ይቀጥረዋል። ኩባንያው የሚያጣው አንድ ሠራተኛ ብቻ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል። የሄደው ሠላሳን ከስልሳ መለየት የተማረው ጆሮ ነው። አዲሱ መሐንዲስ ከዜሮ ይጀምራል፤ የባለሀብቱም ገንዘብ አብሮ ከዜሮ ይጀምራል።

ደላላውም ቢሆን ሥጋት አለው። "ስልኩ ዋጋ ከሰማና ከተናገረ እኔ ምን ልሠራ?" ይላል። ሥጋቱ መሠረት የለውም አይባልም። ዋጋ ደብቆ የሚኖር ደላላ ካለ ገበያው መገለጡ አይቀርም። ሆኖም የደላላ ዋናው ሥራ ዋጋ መናገር ሳይሆን ሰው ማወቅ ነው። እገሌ ከፋይ ነው፣ የእገሌ ጤፍ አፈር የለበትም የሚለውን ማሽን አይዋሰውም። እንዲያውም ማሽኑን ሊያስተምር የሚችለው ደላላው ነው። የገበያው ቃላት መዝገብ በእሱ አፍ ላይ ነው ያለው።

ስለሆነም የየጁቤ፣ የቢቸናና የሞጣ ነጋዴና ደላላ ድምፁን ለሥልጠና ሲቀዳ በነፃ ሊሆን አይገባም። ድምፅ ዕቃ ነው፤ ዕቃም ዋጋ አለው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን ግላዊ መረጃ መሰብሰብና መጠቀምን በሕግ ወሰን ውስጥ አስገብቶታል። ሳይጠይቅ የቀዳ ኩባንያ ነገ የሚከሰስበትን ማስረጃ በራሱ ኮምፒውተር ውስጥ እያከማቸ ነው። ጠይቆና ከፍሎ የቀዳ ግን ተወዳዳሪው በቀላሉ የማያገኘው ሀብት ይይዛል።

ለባለሀብቱ የሚቀረው ምክር አጭር ነው። ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የአዳራሹን ማሳያ ይተወውና መሐንዲሱን በገበያ ቀን ወደ የጁቤ ይላከው። ርካሽ ስልክ ይያዝ፣ የስልኩ ዳታ ይዘጋ፣ ሃያ ነጋዴዎች ክፍያቸውን ተቀብለው ሃያ ዋጋና ሃያ ብዛት ይናገሩ። ከዚያም ስንቱ በትክክል ተያዘ፣ ስንቱን ስልኩ "ስንት አልክ?" ብሎ ጠየቀ፣ ስንቱን ሳይጠይቅ አሳሳተ ተብሎ ይቆጠር። ሦስተኛው ቁጥር ከሁሉ ይበልጣል። የጠየቀ ስልክ ነጋዴውን ጥቂት ሰኮንድ ያዘገየዋል፤ ሳይጠይቅ ሠላሳውን ስልሳ ያደረገ ስልክ ግን ደንበኛ ከደንበኛ ያጣላል። ነጋዴም አንድ ጊዜ ካጣላው ዕቃ ጋር ዳግመኛ ገበያ አይወጣም።

ፈተናውን ያለፈ ኩባንያ ከተገኘ ገንዘብ ይገባዋል። መሐንዲሱም ከደመወዙ በላይ ድርሻ ይገባዋል። ካላለፈ ግን በአዳራሽ የተጨበጨበለት ሁሉ በገበያ አይሸጥም።